የትልቁ ዛፍ ልጅ

እኛ በአሶሳ አካባቢ ማንበብና መጻፍ እንድናስተምር የተመደብን አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። እናንተን ያስተማርናችሁ ፊደልና ቁጥር ነው። እናንተ ግን ለእኛ ብዙ ነገር አስተምራችሁናል። ቀርከሃን አይቶ የዘንድሮውን ከአምናው መለየት ያወቅነው ከእናንተ ነው። ደመናን አይቶ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚመጣ መገመት የተማርነውም ከእናንተ ነው።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ትልቅ ዛፍ ነው። ዛፉን ያየነው በዕረፍታችን ጊዜ ነው። ልንደነቅ ሄድን፤ በእርግጥም ተደነቅን። ነገር ግን እየተደነቅን ሳለ አንድ ጥፋት አጠፋን። ጥፋቱን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ክርክሩ

ወሩ ጥቅምት ነበር። የመጀመሪያው ዙር ትምህርት ስላለቀ የሦስት ቀን ዕረፍት አገኘን። አንድ ማታ ከተማሪዎቻችን ጋር ቡና ስንጠጣ ስለ ዛፍ ጨዋታ ተነሣ። ከተማሪዎቻችን የአንዱ ወላጆች በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እሱም፣ "አባቴ እንደ ነገረኝ በአገራችን አንድ ዋርካ አለ። መንደሩ በሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ ይማከራል። ከእሱ የሚበልጥ ዛፍ የለም" አለ።

ሌላው ተማሪያችን የበርታ ተወላጅ ነው። ሳቅ አለና፣ "ዋርካስ ጥላው ሰፊ ነው። ግንዱ ግን ከእኅቴ ደጅ ካለው ዛፍ ጋር አይወዳደርም። እሱን ብትቦረቡረው ቤት ይወጣዋል" አለ።

"ምን? ቤት?"

"አዎ፣ ቤት! ካላመናችሁ እንሂድና እንለካው። ቁጥር አስተምራችሁን የለ እንዴ?"

ክርክሩ በቃል የሚያልቅ አልሆነም። በማግስቱ ስድስታችንም ተነሣን። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወረድን። አሶሳ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ቆላው በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

ከመኪና ወርደን በእግር ስንጓዝ ከሩቅ አንድ ነገር ታየን። በመጀመሪያ ጎጆ ቤት መሰለን። ቀጥሎ ዓለት መሰለን። ቀረብ ስንል ግን ቅርንጫፍና ቅጠል አለው። ለካ ዛፍ ኖሯል! ቅርፊቱ ግራጫ ነው፤ የዝሆን ቆዳ ይመስላል። ግንዱ ከታች እስከ ላይ ወፍራም ነው። ቅርንጫፎቹ ግን ከግንዱ ጋር ሲታዩ አጫጭርና ቀጫጭን ናቸው። ከእኛ አንዱ ራሱን ይዞ፣ "ወይ ጉድ!" አለ። የወሎው ሰው ምንም አልተናገረም። ዛፉን አንድ ጊዜ ዞሮት ተመለሰና፣ "ይሄስ ሌላ ነው" አለ።

የዚህ ዛፍ ስም በየቦታው ይለያያል። በአማርኛ አንዳንድ ሰዎች ባምባ ይሉታል። በሌላ ቦታ ግን ባምባ ሲባል የሾላ ዓይነት ዛፍ ነው። በትግርኛ ድማ ይባላል። በሱዳን ዐረብኛ ዛፉ ተበልዲ፣ ፍሬው ጎንጎሌስ ይባላል። በዓለም ላይ የታወቀበት ስም ባኦባብ ነው። ስም እንዳያምታታን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ባኦባብ እንለዋለን።

ዛፉን እንዴት እንደለካነው

የቤቱ እመቤት የተማሪያችን ታላቅ እኅት ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡን እማማ አልናቸው። ውሃ አጠጡን፤ ምግብም አቀረቡልን። አማርኛ ብዙ ስለማይናገሩ ወንድማቸው አስተረጎመልን። ዛፉን ልንለካ እንደ መጣን ስንነግራቸው ሳቁ። "ዛፍ ይሸጣል ወይ የሚለካው?" አሉ። ሆኖም ፈቀዱልን።

በመጀመሪያ የግንዱን ዙሪያ በእጃችን ለካን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ግንዱን አቀፍነው። እኛ አራት፣ ተማሪዎቻችን ሁለት፣ የእማማ ልጆች ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ሆንን። አልገጠመም። የልጅ ልጃቸው ሮጦ መጥቶ መካከል ሲገባ ገጠመ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው አቀፈው ማለት ነው።

ቀጥሎ በገመድ ለካን። ገመዱን በደረታችን ቁመት ላይ በግንዱ ዙሪያ አዞርነው። ከዚያም ገመዱን መሬት ላይ ዘርግተን አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ዱላ ለካነው። 14 ሜትር ሆነ።

እንግዲህ የበርታው ተማሪያችን "ቤት ይወጣዋል" ያለው እውነት ነው ወይስ አይደለም? ይህን ለማወቅ ግንዱ ከአንድ ጎን እስከ ሌላው ጎን ስንት ሜትር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ግንዱን ሳንቆርጥ እንዴት ማወቅ ይቻላል? ዘዴው ቀላል ነው። የማንኛውም ክብ ነገር ዙሪያ ከጎኑ እስከ ጎኑ ያለው ስፋት ሦስት እጥፍና ትንሽ ተጨማሪ ነው። በምጣድ ሞክሩት። የምጣዱን ዙሪያ በገመድ ለኩ። ገመዱን ምጣዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አጋድሙት። ሦስት ጊዜ ይደርስና ትንሽ ይተርፋል። ስለዚህ 14 ሜትሩን ለሦስትና ለትንሽ ተጨማሪ ስናካፍለው አራት ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። ይህ ለአንድ ጎጆ ቤት የሚበቃ ስፋት ነው። ተማሪያችን እውነቱን ነው።

ቀጥሎ ቁመቱን ለካን። ማንም ዛፉ ላይ አልወጣም። ቁመቱን የለካነው በጥላው ነው። ከቀኑ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ሜትሩን ዱላ ፀሐይ ላይ ቀጥ አድርገን ተከልን። የዱላው ጥላ 2 ሜትር ሆነ። ይህ ማለት በዚያ ሰዓት ጥላ የቁመት ሁለት እጥፍ ነው ማለት ነው። ወዲያው የዛፉን ጥላ ከግንዱ መካከል ጀምረን እስከ ጫፉ ለካን። 32 ሜትር ሆነ። 32ን ለ2 ስናካፍል 16 ይሆናል። ስለዚህ የዛፉ ቁመት 16 ሜትር ነው። በዚህ ዘዴ ስትለኩ መሬቱ ሜዳ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለቱንም ጥላ በአንድ ሰዓት ለኩ፤ ፀሐይ አትጠብቅምና።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንናገር። ዱላውን የምንተክልበትን ቦታ ስናጸዳ አንዲት ትንሽ ተክል ነቅለን ጣልን። በዙሪያዋ ሦስት ድንጋዮች ነበሩ። ድንጋዮቹንም ዱላው እንዳይወድቅ ማጽኛ አደረግናቸው። ይህቺን ተክል አትርሷት። በኋላ እንመለስባታለን።

ከዓለም ታላላቅ ዛፎች ጋር ሲወዳደር

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ የወሎው ሰው፣ "በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ዛፍ አለ?" ብሎ ጠየቀን። አለ። በአሜሪካ አገር ካሊፎርኒያ በሚባል ቦታ ሬድውድ የተባሉ ዛፎች አሉ። ትርጉሙ ቀይ እንጨት ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ እስከ ዛሬ ከተለኩት ዛፎች ሁሉ ረጅሙ ሃይፔሪየን የተባለው ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። (እ.ኤ.አ. ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።) ቁመቱ 116 ሜትር ያህል ነው።

ይህን ቁመት በዓይነ ሕሊናችሁ ለማየት እንዲመቻችሁ አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። በ1997 ዓ.ም. ከሮም ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያሉ አምስት ሐውልቶች አንዱ በአንዱ ላይ ቢቆሙ የሃይፔሪየንን ቁመት ጥቂት ብቻ ይበልጣሉ። እኛ የለካነውን ባኦባብ የሚያህሉ ዛፎች ደግሞ ሰባት ቢደራረቡ እንኳ ትንሽ ይቀራቸዋል።

የሬድውድ ዘመድ የሆነ ሴኮያ የተባለ ዛፍም አለ። ከሴኮያዎቹ አንዱ ጄኔራል ሸርማን ይባላል። ቁመቱ 84 ሜትር ያህል ነው። ከመሬት አጠገብ ዙሪያው 31 ሜትር ያህል ይሆናል። ዕድሜው ከ2,000 ዓመት በላይ ነው። አንድ ነጠላ ግንድ ካላቸው ዛፎች መካከል በግንዱ እንጨት ብዛት የዓለም አንደኛ እሱ ነው።

"እንግዲያው የኛ ዛፍ ተሸነፈ" አለ የበርታው ሰው።

አልተሸነፈም። በደቡብ አፍሪካ ሳጎሌ በተባለ ቦታ ያለው ባኦባብ ቁመቱ 22 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የግንዱ ዙሪያ ግን 33 ሜትር ገደማ ነው። በውፍረት ከጄኔራል ሸርማን አያንስም ማለት ነው። ስለዚህ ሬድውድ ወደ ሰማይ ሲያድግ ባኦባብ ወደ ጎን ያድጋል።

አንዱ ለምን ረዘመ? ሌላው ለምን ወፈረ?

ምክንያቱ ውሃ ነው። ረጃጅሞቹ ሬድውዶች የሚበቅሉት በባሕር ዳርቻ ነው። ክረምቱ ዝናባማ ነው። በበጋ ደግሞ ከባሕሩ ጉም እየተነሣ ደኑን ይሸፍነዋል። ዛፎቹ ከጉሙ እርጥበት በቅጠላቸው ጭምር ይጠጣሉ። ውሃ የማይቸገር ዛፍ ብርሃን ለማግኘት ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ ላይ ይሽቀዳደማል። ሆኖም ይህም ልክ አለው። ውሃን ከሥር እስከ ጫፍ መሳብ ቁመቱ በጨመረ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ባኦባብ የሚኖረው ግን ዝናብ ለጥቂት ወራት ብቻ በሚዘንብበት ቆላ ነው። በሌሎቹ ወራት ፀሐይዋ መሬቱን ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ ባኦባብ የሚኖረው እንደ ጥሩ ገበሬ ነው። በጥጋቡ ጊዜ ያጠራቅማል፤ በችግሩ ጊዜ በቁጠባ ይኖራል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ግንዱ ውስጥ ያስቀምጣል። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ውሃ የሚባክነው በቅጠል በኩል ነውና። ዝናቡ ሊመጣ ሲል ደግሞ በግንዱ ውስጥ ባለው ውሃ ተጠቅሞ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

ይህ ሲባል ውሃው እንደ እንስራ ውሃ ግንዱ ውስጥ ተንጣሎ ተቀምጧል ማለት አይደለም። የባኦባብ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ውሃውም በእንጨቱ ውስጥ ተመጥጦ ይኖራል። ከሕያው ግንዱ ክብደት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ለዚህ ነው ዝሆን በበጋ ቅርፊቱን እየላጠ የሚያኝከው። ለዚህም ነው ባኦባብ ለማገዶም ሆነ ለቤት ምሰሶ የማይሆነው።

በሱዳን ኮርዶፋን በተባለ አገር ያሉ ሰዎች ግን ብልሃት ፈጥረዋል። የትልልቅ ባኦባቦችን ግንድ ውስጡን ቦርቡረው በክረምት የዝናብ ውሃ ይሞሉታል። በበጋ እየቀዱ ይጠጣሉ። አንድ ዛፍ በሺህ የሚቆጠር ሊትር ይይዛል። ዛፉም በሕይወት ይኖራል።

ዕድሜውስ? የብዙ ዛፎች ዕድሜ የሚታወቀው ግንዱ ሲቆረጥ በሚታዩት ቀለበቶች ቁጥር ነው። የባኦባብ ቀለበት ግን ግልጽ አይደለም፤ መካከሉም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶች በሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። በእንጨት ውስጥ ካርቦን የተባለ ነገር አለ። ከካርቦን ዓይነቶች አንዱ በታወቀ ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። ጎተራ ውስጥ ያለው እህል በቀን በቀን ስንት ቁና እንደሚቀነስ የምታውቁ ከሆነ፣ የቀረውን አይታችሁ ስንት ቀን እንደተበላ ማስላት ትችላላችሁ። የእነሱም ዘዴ እንዲሁ ነው። በዚህ ዘዴ ሲታይ በዚምባብዌ የነበረው ፓንኬ የተባለ ባኦባብ 2,450 ዓመት ያህል ኖሯል። የአክሱም ሐውልቶች ከመቆማቸው በፊት እሱ ትልቅ ዛፍ ነበር ማለት ነው።

ዛፉ ምን ይሰጣል?

እማማ ስለ ዛፉ ጥቅም ሲነግሩን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው።

አንደኛ፣ ፍሬው ይበላል። ፍሬው ጠንካራ ቅል አለው። ሲሰበር በውስጡ ነጭ፣ ደረቅና ኮምጠጥ ያለ ዱቄት አለ። በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። ዱቄቱ ቫይታሚን ሲ የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ በክብደት ሲመዘን ከብርቱካን ይበልጣል። ቫይታሚን ሲ ቁስል እንዲድን፣ ድድም ጤነኛ እንዲሆን ይረዳል። በሙቀት ስለሚጠፋ ዱቄቱን ከማፍላት ይልቅ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ለጋ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል። ደርቆ ሲወቀጥ ደግሞ ወጥ ያወፍራል። ሦስተኛ፣ ከቅርፊቱ ገመድ ይሠራል። ብዙ ዛፎች ቅርፊታቸው ዙሪያውን ከተላጠ ይሞታሉ። የባኦባብ ቅርፊት ግን አላጣጡ ካልከፋ ተመልሶ ያድጋል።

አራተኛ፣ ንብና ወፍ ይኖርበታል። የሌሊት ወፍም እንግዳው ነው። የባኦባብ አበባ ትልቅና ነጭ ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። የሚፈነዳው ሲመሽ ነው። የሌሊት ወፍ ሽታውን ተከትሎ ማሩን ሊልስ ይመጣል፤ ዱቄቱንም ከአበባ ወደ አበባ ያደርሳል። አበባው በማግስቱ ይረግፋል። እንግዲህ የሌሊት ወፍን ያባረረ ሰው ፍሬውንም አባረረ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ፍሬው ገበያም አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የባኦባብ ዱቄት በአገሮቹ እንዲሸጥ ፈቅዷል። ከዚያ ወዲህ ከአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ዱቄቱ ወደ ውጭ ይላካል። ይህ ሲባል ነገ ነጋዴ ደጃችሁ ይመጣል ማለታችን አይደለም። ዋጋ የሌለው ዛፍ እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው።

ያጠፋነው ጥፋት

በማግስቱ ጠዋት ልንሰናበት ስንል እማማ የዛፉ ጥላ ያረፈበትን ቦታ ሲመለከቱ አየናቸው። ጎንበስ አሉና ትናንት ነቅለን የጣልናትን ተክል አነሡ። ጠውልጋለች። ሥሯን አሳዩን። ሥሯ እንደ ካሮት ያበጠ ነው።

"ይህቺን ማን ነቀላት?" አሉ።

ዝም አልን። በኋላ ከእኛ አንዱ፣ "እኛ ነን፣ እማማ። አረም መስላን ነው" አለ።

እማማ አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻል ነበር። በቀስታ እንዲህ አሉ፦ "ልጆቼ፣ ይህቺ የዛፉ ልጅ ናት። ሦስት ክረምት ጠብቄያታለሁ። ፍየል በላት፤ እንደገና አቆጠቆጠች። እሳት ነካት፤ እንደገና አቆጠቆጠች። ድንጋዮቹን ያኖርኩት ልጆች እንዳይረግጧት ነው።"

እኛ ደነገጥን። የትልቁን ዛፍ ዙሪያ ለክተናል። ቁመቱን አስልተናል። ስለ አሜሪካ ዛፍ አውርተናል። ልጁን ግን አላወቅነውም። እንዴት ሳናውቀው ቀረን? የትልቁ ባኦባብ ቅጠል እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈለ ነው። አምስት ወይም ሰባት ጣት አለው። የትንሹ ተክል ቅጠል ግን ነጠላ ነው፤ ጣት የለውም። ልጁ አባቱን አይመስልም። ስለዚህ ያላወቀ ሰው አረም ነው ብሎ ይነቅለዋል፤ ወይም በሞፈር ይገለብጠዋል።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም በአካባቢው ዞረን ሌላ የባኦባብ ችግኝ ፈለግን። እማማም ቅጠሉን አሳዩን። እስከ ቀትር ድረስ ብንፈልግም አንድም አላገኘንም። ትልልቆቹ ዛፎች አሉ። ተተኪዎቻቸው ግን የሉም። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም በብዙ ቦታ እንዲህ ሆኗል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከብትና ፍየል ለጋውን ይበላሉ። ሁለተኛው በበጋ ሣር ሲቃጠል ችግኙ አብሮ ይቃጠላል። ትልቁን ዛፍ ፍየል አይበላውም፤ የሣር እሳትም በቀላሉ አይገድለውም። ስለዚህ ሰው ትልቁን እያየ ሁሉ ነገር ደኅና ይመስለዋል። ቤት ሙሉ ሽማግሌ ያለበት፣ አንድም ልጅ የሌለበት መንደር ደኅና ነው ይባላል?

ትልቁም ቢሆን ለዘለዓለም አይኖርም። ፓንኬ እ.ኤ.አ. በ2010ና በ2011 መካከል ወድቆ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በአፍሪካ ዕድሜያቸው እጅግ የገፋ ከተባሉት 13 ባኦባቦች መካከል ዘጠኙ ከ2005 ወዲህ ሞተዋል ወይም ከግንዳቸው ያረጀው ክፍል ወድቋል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የአየር ንብረት ለውጥ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል።

ማድነቅ ብቻ አይበቃም

ሌላውም ዓለም ከእኛ የባሰ ጥፋት አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ። ወርቅ ማጠብ የምታውቁ አንባቢዎች ወርቅ በተገኘበት ቦታ ሰው እንዴት እንደሚጎርፍ ታውቃላችሁ። ለመጣው ሕዝብ ቤት መሥሪያ ተብሎ ሬድውዶች ተቆረጡ። ከረጃጅሞቹ ሬድውዶች ነባር ደን ዛሬ የቀረው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። በኋላ መንግሥት የቀሩትን እየከለለ መጠበቅ ጀመረ። ለምሳሌ የሬድውድ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

ከተከለለም በኋላ ሌላ ችግር መጣ። ሃይፔሪየን ዝናው ስለ ወጣ ሰው ሊያየው ይጎርፍ ጀመር። መንገድ በሌለበት ጫካውን እየጣሱ ሄዱ። ከሥሩ የነበረው አረንጓዴ ተክል በእግር ብዛት ጠፋ። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ዛፉ መጠጋት ተከለከለ፤ የተጠጋ በገንዘብና በእስራት እንዲቀጣ ተወሰነ። አያችሁ? እነዚያ ሰዎች ዛፉን ሊቆርጡ አልሄዱም። ሊያደንቁት ነው የሄዱት። ሽቅብ እያዩ ከእግራቸው ሥር ያለውን ረገጡ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ዘሩን እንዴት እንዘራለን?

ከእማማ ደጅ ሳንሄድ ሁለት ነገር አደረግን። የነቀልናትን ተክል መልሰን ተከልናት፤ ውሃ አጠጣናት፤ በእሾህ አጠርናት። ከአምናው ፍሬ የተረፈ ዘርም ከእማማ ጋር ለቀምን። እናንተም በቆላ የምትኖሩ ከሆነ ባኦባብን እንዲህ አድርጋችሁ መዝራት ትችላላችሁ፦

1. ዘሩን ከዱቄቱ አጥባችሁ ለዩት።
2. የዘሩ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ቢዘራ ቶሎ አይበቅልም። አንድ ጎኑን በሻካራ ድንጋይ ላይ እሹት። ውስጡ ብቅ ሲል አቁሙ።
3. ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩት።
4. ዝናቡ ደኅና ሲይዝ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ጥልቀት ዝሩት። ከቤት ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ። ዛፉ ትልቅ እንደሚሆን አትርሱ።
5. በቅሎ ሲታይ በእሾህ እጠሩት። ሣር ከመቃጠሉ በፊት በዙሪያው ያለውን ሣር አጽዱ።
6. ለልጆችና ለእረኞች ቅጠሉን አሳዩአቸው። የማያውቀውን ማንም አይጠብቅም።

ከዘር የበቀለ ባኦባብ ብዙውን ጊዜ ፍሬ የሚሰጠው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። "ይህን ያህል ማን ይጠብቃል?" የሚል ይኖር ይሆናል። እማማን ይህንኑ ጠየቅናቸው። "እኔ የምበላውን ማን ተከለው?" ብለው መለሱልን።

ደብዳቤው

በዓመቱ፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ እኛ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውረን ሳለ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። የጻፈው የበርታው ተማሪያችን ነው። በእጁ የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤው ነው። እንዲህ ይላል፦

"ለመምህሮቼ። እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደኅና ነን። መልሳችሁ የተከላችኋት ደርቃለች። እኅቴ ግን አትዘኑ ብላለች። ዘሩን በድንጋይ አሽተን በውሃ አሳድረን ዘራን። 20 ዘራን። 7 በቀሉ። 2 ፍየል በላ። አሁን 5 አሉ። አጥሩን ደግመን አጥረናል። ወሎዬው ወንድማችንም 1 ዘር ወስዶ ዘርቷል። የሱ ገና አልበቀለም። ሰላም ሁኑ።"

ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው። እንደ መምህርነታችን ሒሳቡንም አየን። ከ7 ላይ 2 ሲቀነስ 5 ነው። ልክ ነው።

እንወያይበት

1. በመንደራችሁ ትልቁ ዛፍ የቱ ነው? ዙሪያው ስንት ሜትር ነው? በገመድ ለክታችሁ ጻፉ።
2. ቁመቱንስ በጥላ ለክታችሁ ስንት አገኛችሁ?
3. የዚህ ዛፍ ችግኝ ምን እንደሚመስል ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ? ለሌሎች ያሳይ።
4. በዙሪያው ስንት ችግኝ አለ? ከሌለ ምክንያቱ ምንድን ነው? ምን ማድረግ ይቻላል?